የሪዞርቱ ችካል መስከረም ላይ ውኃ ውስጥ ቆሞ ተገኘ፤ የጣና ዳርቻ የማን ነው?

የዳርቻው ልጅ (የካቲት 9)

ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት አመንትቻለሁ። የተወለድኩት በጣና ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ባለች አንዲት ቀበሌ ነው። አሁን ባሕር ዳር አስተምራለሁ፤ አባቴና ሁለት ወንድሞቼ ግን እዚያው ናቸው። የቀበሌውንም ሆነ የሪዞርቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ በሽማግሌዎች እጅ ስላለ ስም ማንሣት እነርሱን ማሳጣት ይሆናል።

ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ባለሀብት መጥቶ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ሎጅ ሠራ። ማንም አልተቃወመውም። ቦታው ድንጋያማ ነበር፤ ለጎረቤት ልጆች ሥራ ሰጠ፤ ወተታችንንና እንቁላላችንን ይገዛ ነበር። አሁን ወደ ሰማንያ ክፍል ሊያሳድገው ነው። የሰርግ አዳራሽ፣ የጀልባ ማቆሚያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንግዳ የሚተኛበት አሸዋማ ዳርቻ ይኖረዋል። በእኛ በኩል ጣና አሸዋ የለውም። ጥቁር ጭቃና ደንገል ነው። ስለዚህ ደንገሉ ተነቅሎ ከወንዝ የተጫነ አሸዋ በቦታው ይደፋል።

ጠቡ የመጣው ከችካሉ ነው። ልኬታው የተካሄደው ባለፈው ግንቦት ነበር። ጣናን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ ይገባዋል። ሐይቁ በግንቦትና በሰኔ መግቢያ ከሁሉም በታች ይወርዳል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል። ልዩነቱ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን እንደ እኛ ባለ ሜዳ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ማለት ከእርሻ እስከ ውኃ ድረስ ብዙ የሚያስኬድ መሬት ነው። ያንን መሬት ባሕር ሸሽ እንለዋለን። ውኃው እየሸሸ ሲሄድ እርጥበቱን ተከትለን ሽምብራና ጓያ እንዘራበታለን፤ ከሰብሉ በኋላ ከብት ይበላበታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ለሐይቁ እንመልስለታለን። ለኪዎቹ ግን ውኃው በሸሸበት ወር መጥተው ገመዱን እስከ ውኃው አፍ ዘረጉት። መስከረም ላይ ችካሎቹ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመው አየናቸው።

አባቴ የመሬት ይዞታ ደብተር ስላለው ለማሳው ካሳ ይደርሰዋል። ጎረቤታችን ግን ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አራት ልጆች ያሳደገችው በዚያ ባሕር ሸሽ ነው። በደብተሯ ላይ የሰፈረው የቤቷ ጓሮ ብቻ ነው። ለእርሷ የተሰላ ካሳ የለም። መረብ የሚጥሉ ወጣቶችም እንደዚሁ። ከብቶቹ ውኃ የሚወርዱበት መንገድም በሽቦው ተዘግቷል። ዘንድሮ ለጥምቀት ታቦቱ በአጥሩ ዙሪያ ብዙ ተጉዞ ነው ወደ ውኃው የወረደው፤ አረጋውያኑ በመንገድ ላይ ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ታላቅ ወንድሜ አጥሩ ይነሣ ከሚሉት ጋር ነው። ታናሹ የሪዞርቱ ጀልባ ነጂ ነው፤ በደመወዙ ቤት እየሠራ ነው። ከገና ወዲህ አይነጋገሩም። እናቴ የአንዱን ምሳ ይዛ ስትወጣ የሌላውን ፊት ማየት ትፈራለች።

ሪዞርቱ አይስፋ አልልም። የምጠይቀው ይህን ነው፦ ዳርቻው ላይ እየኖሩ ደብተር የሌላቸው ሰዎች በምን መንገድ ይቆጠራሉ? ከዚህ በፊት በእንዲህ ያለ ነገር ያለፋችሁ ብትመክሩኝ።


ቄጠማ (የካቲት 9)

እናቴ ቄጠማ እያጨደች ነው ያስተማረችኝ። ለዘመን መለወጫ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ሌሊት ተነሥታ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታ ታጭዳለች፤ ጎሕ ሲቀድ በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ ትደርሳለች። በሰው ቤት ሁሉ ቡና ሲፈላ ከሥር የሚጎዘጎዘው ያ ነው። ከወረዳ መጥተው ንብረት ሲመዘግቡ ግን «ምን አለሽ?» ብለው ጠየቋት። ምን ትበላቸው? ቄጠማው የተከለችው አይደለም። እርሷም «ምንም የለኝም» አለች፤ እንደዚያው ጻፉት።

ስለ ጎረቤትህ ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥተው የሚናገሩት ባለ ማሳዎቹ ወንዶች ናቸው።


እንግዳ ተቀባይ (የካቲት 10)

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ በሌላ የጣና ዳር ሎጅ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርቴን አውጥቼ፣ ለደላላ የሚከፈለውን ገንዘብ ከአክስቴ ተበድሬ ነበር። ሎጁ ሲከፈት ቀረሁ። ሁለት እኅቶቼን በዚህ ደመወዝ ኮሌጅ አስጨርሻለሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ «ሪዞርት ለባለሀብት እንጂ ለአገሬው ምን ይጠቅማል?» ሲል ያመኛል። የታናሽ ወንድምህን ቤት የሠራው ያ ጀልባ ነው። እርሱን እንደ ከዳተኛ አትዩት።

ነገር ግን ሐቁን ልንገርህ። በእኛ ቤት ከአካባቢው የተቀጠርነው ጥበቃ፣ ጽዳት፣ አትክልተኛና ልብስ አጣቢ ነን። ዋናው ምግብ አብሳይ፣ ሒሳብ ሠራተኛውና ሥራ አስኪያጁ ከከተማ መጡ። እኔ እንግዳ መቀበያ ላይ የደረስኩት እንግሊዝኛ በራሴ ስለተማርኩ ነው። ባለሀብቱ ስብሰባ ላይ «ለዚህን ያህል ሰው ሥራ እፈጥራለሁ» ሲል የትኛው ሥራ፣ ለስንት ጊዜ፣ ሥልጠናውን ማን ከፍሎ የሚለው በጽሑፍ ይያዝ። ግንባታው ሲያልቅ የግንባታው ሥራም ያልቃል። እኛ ዘንድ ድንጋይ የተሸከሙት ልጆች ሎጁ ከተከፈተ በኋላ በበሩ አልገቡም።


ቆራጥ (የካቲት 10)

ምክር ስትለዋወጡ አጥሩ ሲሚንቶ ይሆናል። አንድ ሌሊት ወጥቶ መንቀል ነው። አባቶቻችን መሬታቸውን በማመልከቻ አላቆዩም።


የዳርቻው ልጅ (የካቲት 10)

@ቆራጥ፦ ታላቅ ወንድሜም ያልከውን ቃል በቃል ይላል። ሌሊት ወጥተው ቢነቅሉ ጠዋት የሚታሰረው እርሱ ነው፤ ያቺ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ደግሞ ከፖሊስ ጣቢያ በር ላይ እንጀራ ይዛ ትቆማለች። ከጥበቃዎቹ ሦስቱ የእኛው ቀበሌ ልጆች ናቸው፤ በሌሊት የሚጋጩት ከእነርሱ ጋር ነው። ከአንድ ክርስትና እናት የተነሡ ልጆች በዱላ ሲገናኙ ማየት አልፈልግም።

@እንግዳ ተቀባይ፦ እኅቴ፣ ስለ ታናሹ የጻፍሽውን ለእናቴ አነበብኩላት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ለትልቁም አንብብለት» አለችኝ።


ደብተር አንባቢ (የካቲት 11)

በመሬት ጉዳይ ጥብቅና እሠራለሁ። ረዘም ስለሚል ይቅርታ፤ ነገሩ ግን መብራራት አለበት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ በዚያው አንቀጽ አርሶ አደር መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲያስለቅቅ የሚመራው በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ነው፤ አዋጁ በኋላ በከፊል ተሻሽሏል። ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ጋር ሲተያይ ለገበሬው ብዙ ነገር ጨምሯል። በቀድሞው አዋጅ በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳው የሚሰላው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር፤ በ1161 የሦስት ዓመቱ ከፍተኛ ገቢ በ15 ይባዛል። ባለይዞታዎችን አስቀድሞ ማወያየትም ግዴታ ነው፤ ጊዜውም ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። መሬቱን ራሳቸው ማልማት ከፈለጉና አቅሙ ካላቸው ቅድሚያ እንዲሰጣቸውም ይደነግጋል። በቀበሌያችሁ ይህ ውይይት መቼ ተደረገ? ቃለ ጉባኤው የት አለ? የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን።

ለአንተ ግን የሚበልጠው ሌላ ነው። ደብተር የሌለው ሰው ሁሉ በሕግ ፊት የለም ማለት አይደለም። አዋጁ ስለ ወል መሬት ይናገራል። የወል ይዞታ ሲወሰድ ካሳው የሚሰላው ማኅበረሰቡ ከመሬቱ ያገኝ በነበረው ጥቅምና መተዳደሪያ ነው፤ ተጠቃሚዎቹም እነማን እንደሆኑ ተለይተው መታወቅ አለባቸው። እንግዲህ የጎረቤትህ ሽምብራ፣ የቄጠማ እናት አጨዳ፣ የወጣቶቹ መረብ መግቢያ በር እዚህ ነው ያለው። ዳርቻው የወል መሆኑ ካልታወቀ ግን «ባዶ መሬት» ተብሎ ይተላለፋል። ባዶ የሚለው ቃል በብዙ መዝገብ ላይ አጋጥሞኛል፤ ሄጄ ሳይ ከብት የሞላበት ሜዳ ነው።

አድርጉ የምለው ይህ ነው። ጎረቤትህ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ፣ ቄጠማ አጫጆቹ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ አንድ ላይ ሆነው ዳርቻው በወል ይዞታነት እንዲመዘገብ ለወረዳው በጽሑፍ ያመልክቱ። ማን በየትኛው ወር በምን እንደሚጠቀምበት በስም ይዘርዝሩ። ማመልከቻው ሲገባ የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም ተቀበሉ። ያለ ቁጥር የገባ ወረቀት አልገባም።

በተጨማሪም በ1995 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ሪፖርቱን አይተነዋል የሚል ሰው በቀበሌው አለ?


የዳርቻው ልጅ (የካቲት 11)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሪፖርቱን ያየ የለም። ቃለ ጉባኤ ግን አለ ተብለናል፤ የፈረሙት ዐሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ደብተር ያላቸው ወንዶች። አባቴ አንዱ ነው። ምን እንደፈረመ ስጠይቀው «ስለ መንገድና መብራት ነው ብለውን ነበር» አለኝ።


በፊት ባለሙያ (የካቲት 12)

በአንድ ወረዳ መሬት አስተዳደር ውስጥ ለዓመታት ሠርቼ ወጥቻለሁ። ችካሉ ለምን ውኃ ውስጥ እንደተገኘ ላስረዳ፤ ክፋት ብቻ አይደለምና።

የይዞታ ካርታ የሚሠራው ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሣ ምስል ላይ ነው። ምስሉ ደመና በሌለበት በበጋ ይነሣል። በበጋ ሐይቁ ሸሽቷል። እንግዲህ ካርታው ላይ «የሐይቅ ጠርዝ» ተብሎ የሚሰመረው መስመር የበጋው ጠርዝ ነው። ከዚያ በኋላ ኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤቱ መሬት ሲጠይቅ ማንም ወደ ሜዳ ወርዶ «መስከረም ላይ ውኃው የት ይደርሳል?» ብሎ ሽማግሌ አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም። በእጄ ያሰመርኳቸው መስመሮች አሉ፤ ዛሬ በዚያ ሳልፍ ዐይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

ማስረጃ አዘጋጁ። ውኃው በሞላባቸው ወራት የት ይደርስ እንደነበር የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ ምልክት ያለበት ዛፍ ወይም ድንጋይ፣ የሽማግሌዎች ምስክርነት። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ባለሀብቱ «ሐይቁ ሰው የሚቆጣጠረው ነው፤ የድሮ ልክ አይሠራም» ማለቱ አይቀርም። እውነትም በ1988 በዓባይ መውጫ ላይ የጫራ ጫራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ አወጣጥና አወራረድ ተለውጧል። በ1995 ውኃው እጅግ ወርዶ መርከብ መሄድ አቅቶት ነበር፤ ገበሬዎችም ውኃውን ተከትለው ብዙ ርቀው አርሰዋል። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውኃ ይወስዳል። ስለዚህ ከተለያዩ ዓመታት የተገኘ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። የአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ በቀላሉ ይጥሉባችኋል።


ሲልቨር ስፕሪንግ (የካቲት 12)

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። የእናቴ አገር ደራ ነው። እኔና ሰባት ጓደኞቼ ገንዘብ አዋጥተን በጣና ዳር ሎጅ ለመሥራት ሁለት ዓመት ስናስብ ቆይተናል። ይህን ውይይት ካነበብኩ በኋላ ትናንት ማታ ደወልኩላቸውና ሰነዶቹን አንድ በአንድ አየን። መሬቱ «ከሦስተኛ ወገን ነጻ» ይላል። ሦስተኛ ወገን ማለት ማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

ሳልሸሽግ ልናገር፤ ገንዘባችንን ስናዋጣ በልባችን የነበረው ለአገራችን ውለታ መዋል ነው። ማንንም ማፈናቀል አልታሰበንም። ነገር ግን ከሩቅ ሆኖ የሚያዋጣ ሰው የሚያየው ንድፉን ነው፤ በንድፉ ላይ ከብት አይሣልም። @ደብተር አንባቢ፣ ገንዘብ ከማስገባታችን በፊት ምን ብለን እንጠይቅ?


ደብተር አንባቢ (የካቲት 12)

@ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሦስት ቀን እዚያ የሚያድር ሰው ላኩ፤ ከእናንተ አንዱ ቢሄድ ይሻላል። በመስከረም ይሂድ፤ ግንቦት ላይ እንዳይሄድ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በቦታው ቆሞ ማን እንደሚያልፍ ይመልከት። ያየው ሰው ሁሉ ሦስተኛ ወገን ነው።


ዓሣና ውኃ (የካቲት 13)

ስለ አሸዋው ማንም ስላልጻፈ እኔ ልጻፍ። ቆሮሶ የተባለው የጣና ዓሣ የሚራባው ጥልቀት በሌለውና ሣር ባለበት ዳርቻ ነው። ጫጩቶቹ የሚያድጉት በደንገሉና በፊላው ሥር ተሸሽገው ነው። ጣና ሰፊ ነው፣ ወደ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር፤ ጥልቀቱ ግን ከዐሥራ አራት ሜትር ብዙም አያልፍም፤ የሐይቁ ሕይወት አብዛኛው ያለው በዳር በዳሩ ነው። ደንገል ከክረምት ጎርፍ ጋር የሚመጣውን ደለል ይይዛል። ስትነቅሉት ደለሉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የተደፋውን አሸዋም ሁለት ክረምት ሳያልፍ ጭቃ ይሸፍነዋል። ያኔ እንደገና አሸዋ ይደፋል፤ ወንዙም እንደገና ይቆፈራል።

ደግሞ ሰው የማይነግራቸው ነገር አለ። ጣና ቢልሃርዝያ አለበት። ላንጋኖ ሰው ያለ ሥጋት የሚዋኘው ውኃው ከቢልሃርዝያ ነጻ በመሆኑ ነው፤ የላንጋኖን ዳርቻ ወስዶ ጣና ላይ መለጠፍ አይቻልም። በሽታው የሚተላለፈው የሰው ዐይነ ምድር ወደ ውኃው ሲገባና ቀንድ አውጣዎቹ ሲያገኙት ነው። ሰማንያ ክፍል፣ የሰርግ አዳራሽ፣ በየቀኑ የሚገባው እንግዳ፣ የግንባታ ሠራተኛው ሁሉ፣ ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ለባለሀብቱም ይጠቅመዋል፤ ታሞ የሄደ እንግዳ ተመልሶ አይመጣምና።

ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ ምዝገባ ልማትን አይከለክልም። ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት ቦታ ነው ማለት ነው፤ ዓሣ አስጋሪውና ደንገል አጫጁ የዚያ ክልል አካል ናቸው። በስብሰባው ላይ ይህን አንሡ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን እምቦጩ ነው። ከ2004 አካባቢ ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ ገበሬው እስከ አንገቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አገር ሁሉ አይቷል። ሐይቁን በእጁ ያጸዳ ሰው ዛሬ ወደ ሐይቁ እንዳይወርድ ሽቦ ይታጠርበታል።


ከላንጋኖ ማዶ (የካቲት 14)

ስለ ላንጋኖ ስለተነሣ፦ ያደግሁት በሐይቁ ምዕራባዊ ዳር፣ ከሐዋሳው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ነው። በልጅነቴ ፍየል ይዤ የምወርድበት ቦታ ዛሬ ከግንብ አጥር ጀርባ ነው። ሪዞርቶቹ በአንድ ቀን አልመጡም፤ በየተራ ነው የመጡት፤ እያንዳንዱ ሲመጣ «በዚያኛው በኩል መውረድ ትችላላችሁ» ይባል ነበር። ዞረን ዞረን ያኛው በኩልም አጥር ሆነ።

ስለዚህ ስትደራደሩ ስለ አንድ ሪዞርት ብቻ አትደራደሩ። ቀጥሎ ለሚመጣውም የሚሠራ ነገር አጽፉ። መተላለፊያው ይህ ባለሀብት በደግነቱ የተወው መሆን የለበትም፤ ካርታ ላይ የሰፈረ የሕዝብ መንገድ ይሁን። ባለሀብት ይሸጣል፣ ይሞታል፣ ይለወጣል። ከአንዱ ሪዞርት ባለቤት ጋር ተጨባብጠን የተስማማነውን ልጃቸው «አላውቅም» አለን።


ታንኳ (የካቲት 16)

እኔ ነገደ ወይጦ ከሚሉን ታንኳ ሠሪዎች ልጅ ነኝ። ሲጽፉ የቆዩትን ሁሉ አነበብኩ፤ ደብተር ስለሌለው ሰው ነው የምታወሩት። እኛ ትውልዳችን በሙሉ ደብተር የለንም። አያቶቻችን በውኃው ነበር የሚኖሩት እንጂ በእርሻ አልነበረም፤ መሬት ሲከፋፈል ማንም «እናንተስ?» አላለንም። ባሕር ዳር ከተማ ስትሰፋ ዳርቻው ላይ ሆቴልና መዝናኛ ተሠራ፤ እኛ ወደ ኋላ ተገፋን፤ ከሐይቁ ስንርቅ ደንገሉም ራቀን።

ሰው ታንኳ ውስጥ ተቀምጦ ፎቶግራፍ ይነሣል። ታንኳ ግን በጥቂት ወራት ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ሁልጊዜ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ሁልጊዜ ደንገል ያስፈልጋል። አባቴ ለአንድ ሎጅ ታንኳ ሠርቶ ሸጠ፤ በግቢው መግቢያ ላይ ለጌጥ አቆሙት። በዚያው ዓመት ደንገሉን ያጨደበትን ዳር አጠሩት።

@የዳርቻው ልጅ፦ የተጠቃሚዎቹን ስም ስትዘረዝሩ በእናንተ ዳር ለደንገል የሚመጡ የእኛ ሰዎች እንዳሉ ታውቃለህ። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ይመጣሉ። የቀበሌው ነዋሪ አይደሉም ተብለው እንዳይቀሩ።


የዳርቻው ልጅ (የካቲት 16)

አያ፣ አፈርኩ። እውነት ነው፤ በየዓመቱ ይመጣሉ፤ በልጅነቴ የመጀመሪያ ታንኳዬን የሠራልኝ ከእነርሱ አንዱ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ አላሰብኳቸውም ነበር። ነገ ጠዋት ወደ አገር እሄዳለሁ፤ ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ።


የዳርቻው ልጅ (ሚያዝያ 2)

ዝም ስላልኩ ይቅርታ። የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ማመልከቻው ገብቷል፤ ቁጥርና ማኅተም ተቀብለናል። ዝርዝሩ ላይ ሰባ ሦስት ሰው አለ፤ ከእነርሱ ሠላሳ አንዱ ሴቶች ናቸው። ታንኳ ሠሪዎቹ ለብቻ ገጽ ተሰጥቷቸዋል፤ ለዚህ ትንሽ ክርክር ነበረ፤ አንድ ሽማግሌ «እነርሱ እንግዶች ናቸው» ሲሉ አባቴ ተነሥቶ «እኛ ማረስ ሳንጀምርም እዚህ ነበሩ» አለ። አባቴ በስብሰባ ላይ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ከባለሀብቱ ጋር ሁለት ጊዜ ተቀመጥን። ክፉ ሰው አይደሉም። ለባንክ የሚከፍሉት ዕዳ እያስጨነቃቸው ነው፤ በየሳምንቱ ግንባታው ሲቆም የሚደርስባቸውን ነገሩን። የጥምቀተ ባሕሩን ቦታ ሊለቁ ተስማሙ። ለከብት መተላለፊያ አራት ሜትር ሰጡ። ሽማግሌዎቹ አራት ሜትር አይበቃም አሉ፤ እርሳቸው ደግሞ ከዚያ በላይ ከሰጡ የአዳራሹ ንድፍ ይበላሻል አሉ። ክርክሩ ሲከር አንድ እረኛ ልጅ «ለምን ከብቶቹን አናመጣም?» አለ። አመጣን። በገመድ አራት ሜትር ለካን፤ አንዱን መንጋ ከላይ፣ ሌላውን ከውኃ በኩል ነዳነው። መካከል ላይ ተገናኝተው ተጨናነቁ፤ አንዲት ጊደር ሽቦው ላይ ወጥታ ሆዷ ተቧጨረ። ባለሀብቱ ቆመው አዩ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ዐሥር ሜትር ይሁን አሉ። መተላለፊያው በካርታ ላይ ይሰፍራል የሚለው በቃለ ጉባኤው ተጽፏል፤ ከላንጋኖ ማዶ የጻፈውን ወንድም እያሰብኩ ሦስት ጊዜ አስነብቤዋለሁ።

ስለ ባሕር ሸሹ ግን አልተስማማንም። ባለሀብቱ ካርታቸውን ያሳያሉ፤ እኛ መስከረምን እንናገራለን። ደንገሉ በአንድ በኩል ተነቅሏል፤ ስምንት መኪና አሸዋ ተደፍቷል። የአካባቢ ግምገማው ሪፖርት እንዲመጣ በጽሑፍ ተጠይቋል፤ እስከ ዛሬ አልመጣም። ወረዳው ባለሙያ ልኮ የውኃውን ልክ ሊያይ ነው፤ የሚመጣው ግን ግንቦት ላይ ነው ተብለናል። ግንቦት! መስከረም ይምጡ ብለን ጽፈናል።

ወንድሞቼ አንድ ማዕድ ላይ ተቀመጡ። አልተነጋገሩም፤ ግን ታናሹ በጀልባው ታላቁን ወደ ስብሰባው አድርሶት ነበር።

አሁን የምፈልገው ፎቶግራፍ ነው። በጣና ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በመስከረም ወይም በጥቅምት የተነሣ፣ ሰርግም ይሁን ሽርሽር፣ ከኋላው ውኃው የሚታይ። ያላችሁ ላኩልኝ።


እንግዳ ተቀባይ (ሚያዝያ 3)

በሎጃችን የእንግዶች ፎቶግራፍ ከነቀኑ ተቀምጧል። የሰባት ዓመት መስከረም አለ። ቦታው የእናንተ ባይሆንም የውኃውን ልክ ያሳያል። ሥራ አስኪያጁን አስፈቅጄ እልክልሃለሁ።


ሲልቨር ስፕሪንግ (ሚያዝያ 4)

እናቴን ጠየቅኳት። ከሻንጣ ሥር አንድ ፎቶግራፍ አወጣች፤ ጀርባው ላይ በአባቴ እጅ ጽሕፈት «መስከረም 1991» ይላል። ከእናንተ ቀበሌ ብዙም የማይርቅ ይመስለኛል፤ ሾላ ዛፍ ሥር ቆመው ነው የተነሡት።


በፊት ባለሙያ (ሚያዝያ 4)

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከባድ ነበር፤ ውኃውም እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። ብቻውን ከቀረበ ይከራከሩበታል። ከሎጁ ሰባት ዓመት ፎቶግራፎች ጋር አብሮ ይቅረብ። ዛፉ ዛሬም ቆሞ እንደሆነ ግን አጣሩ፤ ከቆመ ከማንኛውም ካርታ የሚበልጥ ምስክር ነው።


የዳርቻው ልጅ (ሚያዝያ 6)

ፎቶግራፉን ለአባቴ ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ ካየው በኋላ ዛፉን ዐወቀው። ቆሟል። ዛሬ ከውኃው በጣም ርቆ፣ በሪዞርቱ አጥር ውስጥ ነው ያለው። በፎቶግራፉ ላይ ግንዱ በውኃ ተከቧል፤ የሲልቨር ስፕሪንግ እናት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።